ስፌሮሳይቶሲስ፦ ከደሴ ለጠየቁን እናት

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ስምንት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ ቢጫ ይሆንና መልሶ ይጠፋል። ኮምቦልቻ ያሉት አያቷ የወፍ በሽታ ነው ብለው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ደጋግመው ወስደዋታል፤ አንዳንዴም ይሻላታል። ክሊኒክ ስንሄድ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ወባ፣ አንዴ ጉበት ይሉናል። ደሟ ዝቅ ስላለ የአይረን ሽሮፕ ከዓመት በላይ ጠጥታለች፤ ቀይ ሥርም አላቋረጥንም፤ ደሟ ግን አልሞላም። በቅርቡ ሪፈር ተብለን ስንሄድ ጣፊያዋ አብጧል፣ የደም ሴሎቿ ክብ ናቸው፣ በዘር የሚመጣ ነው አሉን። ባለቤቴ በ26 ዓመቱ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆኗል እንጂ በሁለታችንም ቤት እንዲህ ያለ በሽታ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው። የደም ካንሰር ይሆን? ጣፊያዋስ ይውጣ? የአራት ዓመት ወንድሟስ? የምርመራ ወረቀቶቿን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከሁሉ በፊት እንቅልፍ የነሳዎትን ላንሳልዎ፤ ይህ የደም ካንሰር አይደለም። በላኩልኝ ወረቀት ላይ ነጭ የደም ሴሏም ፕላትሌቷም (ደም የሚያረጋው ሴል) ልክ ነው፤ ደሟ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ያልበሰለ ነጭ ሴል አልተገኘም። የደም ካንሰር የያዘው ልጅ መቅኒው በማይረቡ ሴሎች ስለሚጨናነቅ ደም መሥራት ያቅተዋል። የልጅዎ መቅኒ ደግሞ ከጤነኛ ልጅ መቅኒ በእጥፍ እየሠራ ነው። ችግሩ የሚመጣው ደሙ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ሳይቆይ ይፈርሳል። ይህቺን አንዲት ነገር ከያዙልኝ ሌላው ሁሉ ከእሷ የሚመዘዝ ነው፤ አይረኑ ለምን እንዳልሠራ፣ ዓይኗ ለምን ቢጫ እንደሚሆን፣ ጣፊያዋ ለምን እንዳበጠ፣ የባለቤትዎ የሐሞት ጠጠርም ጭምር።

በሽታው ሄሬዲታሪ ስፌሮሳይቶሲስ ይባላል። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ጠፍጣፋ ነው፤ መሐሉ በሁለቱም ፊት ጎድጎድ ይላል። ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ቢሆንም በጣፊያ ውስጥ ከራሱ እጅግ የጠበቡ ቀዳዳዎችን ተጣጥፎ ያልፋል። መተጣጠፍ የሚችለው ሽፋኑ ከያዘው ነገር በላይ ሰፋ ያለ ስለሆነ ነው። እህሉ ግማሽ የደረሰ ጆንያ በጠባብ በር እየተጣጠፈ ይገባል፤ ጢም ብሎ የተሞላው ግን በሩ ላይ ይሰነቀራል። የልጅዎን ቀይ ሴል ሽፋን ከውስጥ ደግፈው ከሚይዙት ፕሮቲኖች (አንኪሪን፣ ስፔክትሪንና ባንድ 3 ዋነኞቹ ናቸው) አንዱ በውርስ ጎድሏል። ስለዚህ ሽፋኑ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየተሸረፈ ይጠባል፤ ሴሉም ይድቦለቦላል። ጣፊያ ያረጀና የተበላሸ ሴል መልቀም ሥራው ስለሆነ ድቡልቡሉን ይይዘዋል፣ ያፈርሰዋል። 120 ቀን ያህል መኖር የነበረበት ሴል በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ጣፊያው ያበጠውም ሥራ በዝቶበት ነው።

ሴሉ ሲፈርስ በውስጡ የነበረው፣ ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን፣ ቢሊሩቢን ወደሚባል ቢጫ ነገር ይለወጣል። ጉበት ይህንን ከደም እየለየ በሐሞት በኩል ያስወግደዋል፤ ሲበዛበት ግን የተረፈው ደም ውስጥ ይቀርና ዓይን ላይ ይታያል። ከሐሞቱ ጋር የወረደውም በሐሞት ከረጢት ውስጥ እየረጋ በጊዜ ብዛት ጠጠር ይሆናል። ጉበቷ ታማሚ አይደለም፤ ሥራ የበዛበት ነው። የሄፓታይተስ ምርመራዋ ነጻ መሆኑም ይህንኑ ያጸናል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ። ሄሞግሎቢኗ 9.4 ነው። ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 በታች ደም ማነስ ነው የሚባለው፤ ይህ ግን ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር መጠ​ኑ ላይ ከ1 ግራም በላይ ይጨመርበታል። (ጉዳዩ የሚያከራክር መሆኑን ግን ልንገርዎ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ጠለል ነዋሪ ብዙም የማይለይ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ በነጥብ አንጨቃጨቅም።) በየትኛውም መስፈሪያ 9.4 ዝቅተኛ ነው፤ ልጅቷ ግን እየሮጠች፣ ትምህርቷንም እየተከታተለች ነው ብለውኛል። ቀስ ብሎ የወረደን ደም ሰውነት ይለምደዋል።

ከሄሞግሎቢኑ ይልቅ እኔ ዓይኔ ያረፈው ኤምሲኤችሲ የሚለው መስመር ላይ ነው፤ 37.2 ይላል። ይህ ቁጥር በአንድ ቀይ ሴል ውስጥ ሄሞግሎቢን ምን ያህል እንደታጨቀ የሚያሳይ ሲሆን ከ36 ማለፉ ያልተለመደ ነው። የአይረን እጥረት ቢሆን ኖሮ ሴሎቹ ነጥተው ቁጥሩ ዝቅ ይል ነበር። ይህ መስመር ማንኛውም የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ማሽን በየወረቀቱ የሚያትመው ነው፤ ልጅዎ ከዚህ ቀደም በተሰጧት ወረቀቶች ሁሉ ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ግን ማንም አላየውም። የሬቲኩሎሳይት ምርመራዋ 8 ከመቶ ነው። ሬቲኩሎሳይት ከመቅኒ ገና የወጣ ጨቅላ ቀይ ሴል ነው፤ በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 2 ከመቶ አይበልጥም። ቢሊሩቢኗ 2.6 ሆኖ አብዛኛው ጉበት ገና ያልነካው ዓይነት ነው። የኩምብስ ምርመራዋ ኔጋቲቭ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰውነቷ በራሱ ደም ላይ እንዳልተነሳ ያሳያል። እንዲያ ሲሆንም ድቡልቡል ሴል ይታያል፤ ሕክምናው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

እነዚህ አንድ ላይ ሲታዩ፣ የአባትየው የሐሞት ጠጠር ሲጨመርበት፣ ምርመራው ተሟልቷል እላለሁ። ኢኤምኤ የሚባል የሽፋን ምርመራ አለ፤ የጂን ምርመራም አለ። ለእርስዎ ልጅ ግን እነሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ገንዘብ አይጨርሱ፤ ውጤቱ የምናደርገውን አይለውጠውም። ጣፊያ በአካባቢያችን ብዙ ጊዜ የሚያብጠው በተደጋጋሚ ወባ፣ በቢልሃርዝያ ወይም በካላዛር ስለሆነ ሐኪሞቿ እነሱን አስቀድመው ማጣራታቸው ትክክል ነበር።

ስለ አይረን ሽሮፑ። ጣፊያ ውስጥ የፈረሰ ሴል ብረቱ (አይረኑ) አይባክንም፤ ሰውነት ሰብስቦ ለአዲሱ ሴል ይጠቀምበታል። ስለዚህ ልጅዎ ብረት አላጣችም። ባላጣችው ላይ ለዓመታት መጨመር ደግሞ በጉበትና በልብ ላይ እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል። ሽሮፑን ያቁሙት፤ ፌሪቲን የሚባለው፣ የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየው ምርመራ ተሠርቶ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ብቻ ይመለሳል። ቀይ ሥር ይጣፍጣት እንደሆን ትብላው፤ ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ብቻ ግን ደም አይሆንም። ሽንቷን ግን ሊያቀላው ይችላልና በማግስቱ እንዳይደነግጡ።

አያቷን አይቆጡልኝ። የዚህ በሽታ ቢጫነት በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፤ ጉንፋን ሲይዛት፣ ስትደክም ይበረታል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ሰው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ የሚሄደው ቢጫነቱ ሲበረታ ነው፤ ምንም ባይሰጣትም በሳምንቱ መቅለሉ አይቀርም ነበር። ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ችግሩ አንዳንዱ የሚጠጣ ሥራሥር እውነተኛ የጉበት ጉዳት ማድረሱ ነው፤ ያኔ አንድ በሽታ የነበረባት ልጅ ሁለት ይኖራታል። ጸበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ ከታች የምነግርዎትን የፎሊክ አሲድ ክኒኗን ግን አያስተዋት፤ የአዋቂውን የሚጠጣ መድኃኒት ደግሞ በቃ ይበሏቸው። ለራስዎ አንድ ምልክት ልስጥዎ፤ ይህ በሽታ ዓይኗን ቢጫ ሲያደርግ ሽንቷ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወትሮው ነው። ሽንቷ ጠቁሮ፣ ሰገራዋ ነጥቶ፣ በቀኝ ጎኗ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከመጣ ግን ጠጠር የሐሞት መንገዷን ዘግቶ ወይም ሌላ የጉበት በሽታ ተጨምሮባት ይሆናልና በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። እንግዲህ ባለቤትዎ በ26 ዓመቱ የሆነው ይህንኑ ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ ወንድ ሆኖ፣ ሳይወፍር የሐሞት ጠጠር ሲያወጣ «ደምህስ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሰባት ቤት መቁጠራችሁ ከንቱ አልነበረም፤ ግን ለዚህ በሽታ አይሆንም። ዘመድ ከዘመድ ባለመጋባት የምንከላከላቸው በሽታዎች ልጁ የተበላሸውን ጂን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ብቻ የሚመጡት ናቸው። ስፌሮሳይቶሲስ ከአራት ቤተሰብ በሦስቱ ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚወረስ ነው፤ አንዱ ይበቃል። ባለቤትዎ ካለበት፣ እያንዳንዱ የሚወለድ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሴት ወንድ አይለይም። «በቤታችን አልተሰማም» ማለትም ብዙ አያስተማምንም። ያው ጂን በአንዱ ቤተሰብ ውስጥ አንዱን አልጋ ላይ ሲጥል ሌላውን ዓይኑን ብቻ ትንሽ ቢጫ አድርጎ ሰባ ዓመት ያኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1871 ቤልጂጋውያኑ ቫንሌርና ማዚየስ በሽታውን መጀመሪያ ሲጽፉ እንግዳ ነገር መስሏቸው ነበር፤ በ1900 ሚንኮቭስኪ የሚባል ሐኪም ግን በአንድ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ውስጥ አገኘው። የባለቤትዎን አባትና እናት፣ እህት ወንድሞቹን ይጠይቋቸው፤ «ዓይነ ቢጫ» የሚባል አጎት ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ጉድለቱ ያለው ጂኑ ላይ ስለሆነ ሴሉን ጠፍጣፋ የሚያደርግ መድኃኒት የለም። ፎሊክ አሲድ ግን ያስፈልጋታል። መቅኒዋ በእጥፍ ሲሠራ ይህን ቫይታሚን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ጎመኑም ምስሩም ይህን ያህል አያሟላላትም። ርካሽ ክኒን ነው፤ በዕድሜዋ ላለ ልጅ ብዙ ጊዜ በቀን እስከ 5 ሚሊግራም ይሰጣል፤ መጠኑን ግን ሐኪሟ ይጻፍላት። ከዚህ ሌላ በዓመት አንድ ሁለቴ ቁመትና ክብደቷ ይለካ፣ ሲቢሲዋ ይታይ፣ የሐሞት ከረጢቷም በየጊዜው በአልትራሳውንድ ይታይ። አሁን ጠጠር የለባትም። ጣፊያዋ ከጎድን አጥንቷ ሥር ወጥቷልና ሆዷን የሚመታት ጨዋታና ትግል ይቅርባት፤ ሩጫውን፣ ገመድ ዝላዩን አይከልክሏት።

እንዲያውቁት የምፈልገው አንድ አደጋ አለ። ፓርቮ ቫይረስ ቢ19 የሚባል፣ በሌላው ልጅ ላይ ትኩሳትና የጉንጭ ቅላት ብቻ አምጥቶ የሚያልፍ ቫይረስ አለ። ይህ ቫይረስ የመቅኒን ቀይ ሴል ሥራ ለሳምንት ለአሥር ቀን ያህል ያቆመዋል። የጤነኛ ልጅ ደም አራት ወር ስለሚቆይ አይሰማውም። የእሷ ደም ግን በሳምንታት የሚያልቅ ነውና መቅኒው ሲቆም ሄሞግሎቢኗ በጥቂት ቀናት ወደ 4 እና 5 ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ከለመዱት ተቃራኒ ነው፤ ቢጫነቷ አይጨምርም፣ ይልቁንም ትነጣለች፤ መዳፏና ከንፈሯ ደም ያጣል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፣ ልቧ ይመታል። ያኔ ደም መውሰድ ያስፈልጋታል፤ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ሬቲኩሎሳይቷ ከ8 ወደ 1 በታች ወርዶ ሲታይ ነገሩ ይለያል። ወንድሟም በሽታው ካለበት በዚያው ሳምንት ሁለቱም ሊወድቁ ይችላሉ። መልካሙ ነገር አንዴ የያዘው አብዛኛውን ጊዜ አይደገምም።

ጣፊያው ይውጣ ወይ? ብዙ የሚያስቡበት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ጣፊያ ሲወጣ ሴሎቹ ድቡልቡል እንደሆኑ ይቀራሉ፤ የሚያፈርሳቸው ስለሌለ ግን ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ደም ማነሱም ቢጫነቱም በአብዛኛው ይጠፋል። ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» ይሉኝ ይሆናል። ጣፊያ ግን ሌላም ሥራ አለው። በተለይ ኒሞኮከስ የሚባለውን፣ የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ባክቴሪያ ከደም የሚያጠራው እሱ ነው። ጣፊያ የሌለው ሰው ጠዋት ትኩሳት ጀምሮት ማታ ሊሞት ይችላል፤ ይህ ስጋት በልጅነት ቢበረታም ዕድሜ ልክ አይጠፋም። ስለዚህ ከ6 ዓመት በታች እንዳይወጣ አጥብቀን እንከለክላለን። ልጅዎ ዕድሜው ሞልቶላታል፤ በሽታዋ ግን መካከለኛ ነው። ደም ወስዳ አታውቅም፣ እያደገች ነው፣ ትምህርቷን አላቋረጠችም፣ ጠጠር የለባትም። የእኔ ልጅ ብትሆን አሁን አላስወጣውም።

ይህን የምለው ደሴ ስለሆናችሁም ጭምር ነው። ወባ በአገራችን የሚበረታው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ደሴ ከዚያ በላይ ናት፤ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ነዎት፤ ወደ ሐርቡ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ ሲሄዱ ደግሞ ይብሳል። ወባ የገባበትን ቀይ ሴል ከደም የሚለቅመው ጣፊያ ነው፤ ጣፊያ የሌላት ልጅ ወባ ሲይዛት ይጠናባታል። ክረምትን አያቷ ዘንድ የምታሳልፍ፣ መስከረምን እዚያው የምትውል ልጅ ጣፊያ ቢወጣላት ያ ጉዞ በመከላከያ ክኒንና በአጎበር ካልሆነ አይታሰብም። አሁንም ቢሆን፣ ጣፊያዋ እያለ፣ ወባ ቢይዛት ያለችውን ጥቂት ደም ይጨርስባታልና ኮምቦልቻ ስታድር አጎበር ውስጥ ትተኛ፤ ከዚያ ተመልሳ ትኩሳት ከያዛት «ታይፎይድ ነው» ሳይባል በፊት የወባ ምርመራ ይሠራላት።

ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ ነገር አለ። ቁመቷ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ መቅረት ከጀመረ፣ ደም ደጋግሞ መውሰድ ካስፈለጋት፣ ድካሙ ከክፍል ካስቀራት፣ ወይም ጠጠር አፍርታ ሕመም ከጀመራት ስለ ኦፕራሲዮኑ እንነጋገራለን። ያ ቀን ከመጣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትርና የሂብ (ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣ ሌላ ባክቴሪያ) ክትባት መሟላት አለበት። ሂብ ፔንታቫለንት በሚባለው፣ አምስት በሽታ በሚከላከለው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አለ፤ የኒሞኮከስ ክትባትም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ የሕፃንነት ክትባት ካርዷን ይፈልጉና ያስቀምጡ፤ የቀረውን ሐኪሙ ከዚያ ተነስቶ ያሟላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ለዓመታት ፔኒሲሊን መውሰድ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ትኩሳት «ነገ ይሻላታል» የማይባልበት ነው። ጣፊያውን ከፍሎ ከፊሉን የማስቀረት ኦፕራሲዮንም አለ፤ በእሱ የተለማመደ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይፈልጋል።

ስለ ባቄላም ሰምተው ይሆናል፤ እሸት ባቄላ በልቶ ወይም ፕሪማኩዊን የሚባለውን የወባ መድኃኒት ወስዶ ደም የሚፈርስበት ሌላ በዘር የሚመጣ ችግር አለ። የእሷ ያ አይደለም፤ ባቄላዋን ትብላ።

ታናሽ ወንድሟን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘውት ይሂዱ። ሲቢሲ፣ ሬቲኩሎሳይትና ቢሊሩቢን ይበቃዋል፤ ደሙም በማይክሮስኮፕ ይታይ። ሲወለድ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ፀሐይ ያሞቁት ወይም ብርሃን ሥር የተኛ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት። ባለቤትዎም በዚያው ይመርመር፤ የሐሞት ከረጢቱ ስለወጣ ሕመሙ ቀርቶለታል እንጂ ደሙ ያው ነው። ሌላ ልጅ ካሰባችሁ ለአዋላጇ አስቀድመው ይንገሯት፤ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሊሩቢኑ መታየት አለበት፤ በጣም ከፍ ካለ አንጎል ይጎዳል፣ በጊዜ ከታየ ግን በብርሃን ሕክምና ይወርዳል። ልጅዎም አድጋ ታገባለች፣ ትወልዳለች፤ በእርግዝናዋ ፎሊክ አሲዷን ማብዛትና ክትትል ማድረግ ነው የሚጠበቅባት። የወንድሟና የአባቷ ውጤት ሲደርስ፣ ኤምሲኤችሲ የሚለው መስመር በደንብ እንዲታይ አድርገው ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።